ገና በሸራ ጀልባ ላይ፦ ጀሪካን፣ ዶሮና የሚወዛወዝ ምድጃ

ገናን ባሕር ላይ እንዳሳለፍኩ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሻርክ ነው። ስለ ሻርክ የማወራው የለኝም፤ አንድም አላየሁም። ስለ ጀሪካን ከሆነ ግን ወንበር ሳቡና ቁጭ በሉ።

ታላቅ ወንድሜ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው የደሴቶች አገር ሲሼልስ ውስጥ የጀልባ ሞተር መካኒክ ነው። ከባለቤቱ ጋር የሚኖረው 11 ሜትር ርዝመት ባላት አሮጌ የሸራ ጀልባ ላይ ነው። ቤት ኪራይ ከመክፈል ይሻላል ብሎ የጀመረው ነገር ስድስት ዓመት ሞላው። ባለቤቱ የዚያው አገር ልጅ ናት። የ2017ን ገና አብረን እናሳልፍ ብለው ቲኬት ላኩልኝ። ጅማ ላይ የቡና ለቀማው እያለቀ ነበር፤ ሥራዬም ቀለል ስላለ እሺ አልኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ መዋኘት አልችልም። ያደግኩት ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ትልቅ ውሃ ሲባል የማውቀው ጅማ አጠገብ ያለውን ቦዬን ነው። እሱንም ጉማሬ አለበት እየተባልን ከሩቅ ነው ያየነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ መርከበኛ አይደለም። ዘመድ ጋብዞት ወይም ሥራ አግኝቶ ጀልባ ላይ ሊከርም ለሚሄድ ሰው ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ሁለት ሰው በዚሁ ጉዳይ ደውሎልኛል፤ ሁለቱም ሻርክ ነው የጠየቁኝ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ሲሼልስ ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ አለ። የመመለሻ ቲኬትና የምታርፉበት ቦታ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ማረፊያችሁ ጀልባ ከሆነ የባለቤቱን ደብዳቤና የጀልባዋን የምዝገባ ወረቀት ኮፒ ቀድማችሁ አስልኩ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ መርፌውም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወጋት አለበት። ወባ ግን እዚያ የለም። ይሄ ለጅማ ሰው ለማመን ይከብዳል። እኔ አጎበር ይዤ ሄጄ ተስቆብኛል።

የተሳቀብኝ በአጎበሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እናቴ ለበዓሉ ያነጠረችውን አንድ ኪሎ ቅቤ ኤርፖርት ላይ ተቀበሉኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሳልጠይቅ ነው የያዝኩት። ደሴት ላይ ያለ ሰው ከውጭ የሚገባ የእንስሳና የተክል ነገር ያስፈራዋል፤ አንድ ተባይ ከገባ መመለሻ የለውም። የያዛችሁትን ሁሉ አስመዝግቡ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ጠይቁ። በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ በሶውና ድርቆሹ ታይተው አለፉልኝ። ቡናውን ወንድሜ «ጥሬው ዘር ነው፣ ያከራክርሻል» ስላለኝ እዚሁ አስቆልቼ ነበር የወሰድኩት።

አሁን ወደ ጀሪካኑ።

የጀልባዋ ታንከር 300 ሊትር ውሃ ይይዛል። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ በልቤ አሰላሁት፦ አሥራ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን። ለሦስት ሰው፣ እስከሚቀጥለው ወደብ። እሱ ሊያስፈራራኝ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለቴ ከመጣ ተመስገን ነው። ሌሊት ቧንቧው ሲያፏጭ ሰምቶ መነሳት፣ ፊት የታጠቡበትን ለእግር፣ የእግሩን ለወለል ማዋል፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ቤት ሳልገባ የተማርኩት ነው። የወንድሜ ሚስት እንግዳ በመጣ ቁጥር የውሃ ነገር እንደሚያጣላቸው አጫወተችኝ። እኔን ግን ሁለተኛው ቀን ላይ መቆጣጠር ተወች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕቃ የሚታጠበው በባሕር ውሃ ነው፤ በባልዲ ይቀዳል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በአንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ገላም እንደዚያው፤ መጀመሪያ በጨው ውሃ፣ ከዚያ ሁለት ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ በራስ ላይ። የባር ሳሙና በባሕር ውሃ አረፋ አያወጣም፤ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ወይም ሻምፖ ነው የሚሠራው። ጨው ሳይለቀለቅ ልብስ ላይ ከደረቀ ልብሱ እርጥበት እየሳበ ሁልጊዜ እንደረጠበ ይቀራል። ጨርቁ ብዙ ከሆነ ደግሞ የምታጥቡበት ውሃ የለም። ሦስት ቀለል ያለ ልብስ ይበቃል።

በዚያ ላይ ሰማዩም ያግዛል። ጅማ ላይ ታኅሣሥ በጋ ነው፤ እዚያ ግን ንፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ዞሮ ዝናብ የሚያመጣበት ወቅት ነው። ጃንዋሪ ዋናው የዝናብ ወራቸው ነው። ከላያችን የተወጠረው የጥላ ሸራ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው ቱቦ ይወርዳል። ሲዘንብ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ጨውና አቧራው እንዲታጠብ ትለቁታላችሁ፣ ከዚያ ቱቦውን ታንከሩ ውስጥ ታስገባላችሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ በርሜል መሙላት ያደገበት ሰው ይሄን ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

መብራቱም ያው ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት ሶላር፣ ሁለት ባትሪ። ፀሐይ ከወጣች ፍሪጅም ስልክም ይሠራል። ሦስት ቀን ከደመነ መጀመሪያ የሚጠፋው ፍሪጁ ነው። እኔ ይህንን የተማርኩት በዓል ሲደርስ፣ ዶሮው ፍሪጅ ውስጥ እያለ ነው። እመለስበታለሁ።

ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ነው፣ ወረቀት እንኳን አይገባበትም፣ ከተዘጋ ደግሞ የሚፈታው ወንድማችሁ ነው፤ ስለዚህ አደራ።

ታኅሣሥ 26 ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ወደ ሌላዋ ደሴት ወደ ፕራስሊን ተነሳን። ርቀቱ 24 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ በሸራ አምስት ሰዓት ፈጀብን። እኔ ጠዋት ሽሮ በልቼ ነበር። ያውም በሚጥሚጣ። ከወደቡ አፍ እንደወጣን ጀልባዋ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ማለት ጀመረች። «ደህና ነኝ» እያልኩ ስልኬን ልነካካ ወደ ታች ወረድኩ። አለቀልኝ። ሮጬ ወጣሁና በቀረበኝ በኩል አስመለስኩ። የቀረበኝ ደግሞ ንፋሱ የሚመጣበት ጎን ነበር። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ ወንድሜ ሸሚዙን ቀየረ።

ከእኔ ተማሩ። ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ጀልባዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ዋጡት፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ዋጋ የለውም። ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ብሉ፤ ባዶ ሆድም አይሆንም። እኔን ያዳነኝ በሶ ነው፤ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ምድጃ አይፈልግ። ታች አትውረዱ፣ ስልክ አትዩ። ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ። ከተቻለ መሪውን ያዙ። ወንድሜ «ነይ አንቺ ልጅ፣ ንጂ» ብሎ ሲሰጠኝ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። መሪ የያዘ ሰው የሚመጣውን ማዕበል ያየዋል፣ ገላውም ይዘጋጃል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተሻለኝ። ላለመውደቅ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ እጅ የሆነ ነገር ጨብጡ። መዋኘት የማይችል ሰው የሕይወት ጃኬቱን አፍሮ አያውልቅ። እኔ ተኝቼ ብቻ ነው ያወለቅኩት።

ጾሙን በተመለከተ ዓሣ የሚያገድፍና የማያገድፍ ክርክር ባሕር ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ዓሣው ከሥራችሁ ነው። ወንድሜ ይበላል። እኔ ለእናቴ ደውዬ ጠየቅኋት። «ብዪ፣ ከዚያ ግን እኔ ቤት አትምጪ» አለችኝ። ስለዚህ የዳቦ ፍሬና የኮኮናት ወተት በቀረፋ ቅጠል ስበላ ከረምኩ። ቀረፋ ማሄ ተራራ ላይ እንደ ጫካ ዛፍ በየመንገዱ ይበቅላል፤ ቅጠሉን ወጥ ውስጥ ነው የሚጨምሩት። እውነት ለመናገር ከዓሣው አላነሰም።

በዓሉ ማክሰኞ ነበር የዋለው። አስቤዛውን የገዛነው ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25 ነው። እዚያ ጃንዋሪ 1 እና 2 ሁለቱም በዓል ስለሆኑ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው፤ ለገና የምታበስሉ ከሆነ ይሄን አስቡበት። ዋና ከተማው ቪክቶሪያ ገበያ ሄደን ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ሎሚና በረዶ የሆነ ዶሮ ገዛን። ቅቤው ስለቀረብኝ ከሱፐርማርኬት ተራ የገበታ ቅቤ ገዝቼ በኮረሪማ፣ በአብሽና በበሶብላ አነጠርኩት። ጀልባዋ ለሁለት ቀን ጅማ ጅማ ሸተተች።

ከዚያ ደመናው መጣ። እሑድ ከሰዓት ፍሪጁ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ዶሮው ቀልጦ ለስልሶ አገኘሁት። ጋድ ሆኖ ማታ ሊሠራ የታሰበው ዶሮ ከረፋዱ መጀመር ነበረበት።

ዶሮ እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃላችሁ። እናቴ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥባለች፤ አንድ ጀሪካን አይበቃትም። እኔ የነበረኝ ግን ለሦስታችንም የቀን ራሽን ነው። ጀልባዋ ከወደቡ ርቃ በአንዲት ወሽመጥ ቆማለች፤ ውሃው እስከ ታች አሸዋው ድረስ ይታያል። ወንድሜ ባልዲ በገመድ እያወረደ ይቀዳልኛል፣ እኔ ከኋላ ባለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ በሎሚ እያሸሁ አጥባለሁ። የቆረጥኩትን ስብ የሚሻሙ ትንንሽ ዓሦች እግሬ ሥር ተሰበሰቡ። አሥራ ሁለቱን ብልት ስቆጥርላት የወንድሜ ሚስት ቢላዋውን ተቀብላ ሞከረች፤ አሥራ አራት ወጣላት። የመጨረሻዋን እጥበት ብቻ በንጹሕ ውሃ አደረግኩ። ወደብ ውስጥ ብትሆኑ ይሄን እንዳታስቡት፣ የወደብ ውሃ ቆሻሻ ነው። ሌላው ስህተቴ ደግሞ ብልቱን ባልዲው ውስጥ ዘፍዝፌ ሽንኩርት ልከትፍ መሄዴ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ወጡ ላይ ቅንጣት ጨው ሳልጨምር ጨው በዛበት። እጠቡ፣ አትዘፍዝፉ።

ምድጃው በሁለት ጎኑ ተንጠልጥሎ ነው የቆመው፤ ጀልባዋ ስታዘነብል እሱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ስታዩት የሚወዛወዘው ምድጃው ይመስላል እንጂ የሚወዛወዘው እናንተ ናችሁ። ድስቱን ግራና ቀኝ የሚይዙት ብረቶች አሉ፤ ሳታጠብቋቸው ፈንጠር አትበሉ። ፈጣኑ የደሴት መርከብ ባለፈ ቁጥር ማዕበሉ ይደርሰናል፤ እኔም ሽንኩርቱን ማማሰል ትቼ ድስቱን አቅፋለሁ። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ያለ ዘይት እስኪበስል ሦስት ሰዓት ጋዝ ፈጀ። ወንድሜ ሲሊንደሩን በዓይኑ እየመዘነ «ዳቦ ይሻል ነበር» ይላል። በርበሬው ሲገባ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው እንኳ ሦስታችንም እያስነጠስን ውጭ ወጣን።

ጋዝ ላይ ቀልድ የለም። ምድጃው በጠፋ ቁጥር የሲሊንደሩንም ቫልቭ መዝጋት ግድ ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ ቢሆን በበር ሥር ይወጣ ነበር፣ ጀልባ ግን እንደ ሳህን ነው፣ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል። አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ከሰልም የለም፤ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ይገድላል። ከሰል ከሌለ ዕጣን የለም። ቄጠማ አምሮኝ የወንድሜ ሚስት የኮኮናት ቅጠል ሰንጥቃ ወለሉ ላይ ጎዘጎዘችልኝ። ወንድሜ አይቶ ሰብስቦ ጣለው። «የውሃ መውረጃውን ሊዘጋ ነው» አለ። ተኮራረፍን። ሌሊቱን ግን እሱ ልክ ሆነ።

ማታ ከሲግናሉ ጋር እየታገልን የላሊበላን የገና ማኅሌት በስልክ ስናይ ቆየን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ንፋሱ ድንገት መጣ። እዚያ እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ንፋሱ ይደርሳል፣ ከዚያ ዝናቡ ይለቀቃል። የወንድሜ ስልክ መጮህ ጀመረ፤ ጀልባዋ ከቆመችበት ከራቀች እንዲጮህ አድርጎ ነው የሚተኛው። «መልህቁ እየተሳበ ነው!» አለና ወጣ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? የዶሮውን ድስት አንስቼ የዕቃ ማጠቢያው ጉድጓድ ውስጥ ወተፍኩት፣ በፎጣ ዙሪያውን አጠበቅኩ። ሚስቱ ሞተር አስነሳች፣ እሱ ፊት ለፊት ሄዶ ሰንሰለቱን ሰበሰበ። ወለሉ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ተጠራቅሞ በመውረጃው ሲወርድ ሳይ የኮኮናት ቅጠሉ ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

ጥፋቱ የሰንሰለቱ ነበር። ሰባት ሜትር ጥልቀት ላይ 20 ሜትር ብቻ ነበር የለቀቀው፤ አጠገባችን ሌላ ጀልባ ስለነበረ ነው። ሰንሰለት ቢያንስ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ካልሆነ መልህቁን ወደ ላይ እየሳበ ይነቅለዋል። ራቅ ብለን 35 ሜትር ለቀቅን። እንግዳ ብትሆኑም ማታ ስንት ሜትር እንደተለቀቀ መጠየቅ ነውር የለውም። እንዲህ ያለ ሌሊት የእንግዳ ሥራ ደግሞ ጃኬት መልበስ፣ ባትሪ ማብራትና ከመንገድ መውጣት ነው።

ሲነጋ ባሕሩ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተኝቷል። ታንከሩ ሞልቷል፤ ሌሊት ወንድሜ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ቱቦውን አስገብቶት ነበር። እናቴ ደወለች። እኛ ከአገር ቤት በአንድ ሰዓት እንቀድማለን፤ ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው። «ዶሮው እንዴት ወጣ?» አለች። «ጨው ትንሽ…» አልኩ። «እንዴት ነው ያጠብሽው?» አለች። ሲግናሉ ተቆረጠ በሉት።

ድርቆሹን በወጡ አርሰን ፈሰክን። ጨውነቱን ድርቆሹና እንቁላሉ ቻሉት። አጠገባችን ለነበረው ጀልባ ሰዎችም በጎማዋ ጀልባ አንድ ሳህን ላክን።

ቡናው ከሁሉም ከበደኝ። ጀበናዬን በነጠላ ጠቅልዬ ከጅማ በሰላም አድርሻታለሁ፤ ቂጧ ክብ ስለሆነ ግን የምድጃው ብረቶች አይዟትም። እስኪፈላ ድረስ አንገቷን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ይንሸራተታሉ። የወንድሜ ሚስት ፎጣ አርጥባ ጨምቃ ከሥራቸው አነጠፈችልኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሲኒ አልተነቃነቀም። ይቺን ዘዴ ያዙልኝ። ለሳህንም ለስልክም ትሆናለች። ቀድሞ የተቆላ ቡና በመሆኑ ቆልቶ ማሽተት ቀረ፤ ያ የቀረበት ቡና ለእኔ ግማሽ ቡና ነው። ቢሆንም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስቱንም ጠጣን። ወንድሜ በረካው ላይ ስለ ቄጠማው ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ሸሚዙ።

ስትሄዱ ጠንካራ ሻንጣ አትያዙ፤ ማስቀመጫ የለውም፤ ታጥፎ የሚቀመጥ የጨርቅ ቦርሳ ይሁን። የፀሐይ ቅባት ያዙ፤ ጥቁር ነኝ አያቃጥለኝም ያልኩት እኔ አፍንጫዬ ተላጠ። ነጠላ ጫማ ለጀልባ አይሆንም፤ ያንሸራትታል፣ በባዶ እግር ይሻላል።

ጥር 6 ጅማ ገባሁ። ለሁለት ቀን መሬቱ ከሥሬ ይወዛወዝ ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ስሆን ብቻ ነው ደህና የሚሰማኝ። በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ በአንድ ኩባያ ውሃ ፊቴንም እግሬንም ታጥቤ፣ የተረፈችውን ጥርስ ልፍቅባት አስቀመጥኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«ውሃ እኮ መጥቷል» አለችኝ።